«አይቻልም» ስለሚባለው ነገር በቁጥሮች ዓለም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)






በበዓል ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም መናገር የተለመደ መሆኑን እናውቃለን። እኛ ግን ለዛሬ የመረጥነው ስለ መደመር፣ ስለ መቀነስ፣ ስለ ማባዛትና ስለ ማካፈል ነው። «ይኸንማ ሁላችንም የምናውቀው አይደለምን?» የሚል ሰው ይኖራል። እኛም አንዲት የ4ኛ ክፍል ተማሪ እስክታሳፍረን ድረስ እንደዚሁ እናስብ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ ክፍል ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ታናናሾቻችንን በትምህርታቸው እንረዳለን። አንድ ቀን ይህች ልጅ ደብተሯን ዘርግታ ስትሠራ፣ «3 ሲቀነስ 7» ከሚለው ጥያቄ አጠገብ «አይቻልም» ብላ ጽፋ አየንና «እንዴት አይቻልም? መልሱ ኔጌቲቭ 4 ነው» ብለን አረምንላት። ልጅቱም አመነችን። በሚቀጥለው ሳምንት ፈተና ሲመጣ ያንኑ ጻፈች፤ መምህሯም በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙባት። እያለቀሰች ወደ ቤቷ ሄደች። በማግሥቱ ጧት አባቷ መጥተው እኛን አስጠሩንና እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፤ አይቻልም ያሏት መምህሯ ናቸው፤ ይቻላል ያላችኋት እናንተ ናችሁ። እንግዲህ ልጄ ማንን ትመን?»

ጥያቄው ከበደን። መምህሯ አልተሳሳቱም፤ እኛም ሐሰት አልተናገርንም። ነገር ግን ሁለት እውነቶች እንዴት ሊጣሉ እንደ ቻሉ ለማስረዳት ቃል አጣን። «በበዓሉ ቀን እንመልስልዎታለን» ብለን ተለያየን። እኒያ አባት ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጠዋል፤ ልጃቸውም አብራቸው አለች። ስለዚህ ይህ ንግግር ለሁላችሁም የቀረበ ቢሆን፣ ይልቁንም ለሁለቱ የምንከፍለው ዕዳ ነው።

ለነገሩ መግቢያ እንዲሆነን አንድ ግቢ እናስብ። በግቢው ውስጥ ቁጥሮች ይኖራሉ። ከነዋሪዎቹ ማናቸውንም ሁለት ወስደን አንድ የሒሳብ ሥራ፣ ለምሳሌ መደመርን ብንሠራባቸው፣ ውጤቱ ሁልጊዜ ከዚያው ግቢ ነዋሪዎች አንዱ ከሆነ፣ ያ ግቢ ለመደመር ዝግ ነው ይባላል። አንድ ጊዜ እንኳ ውጤቱ ከአጥር ውጭ ከተገኘ ግቢው ለዚያ ሥራ ዝግ አይደለም። ዝግ ማለታችን ሰው እንዳይገባ የተቈለፈ ማለት አይደለም፤ በውስጡ የሚሠራ ሰው መልስ ፍለጋ ወደ ውጭ መውጣት አያስፈልገውም ማለት ነው።

የመጀመሪያው ግቢ እረኛ በጎቹን የሚቈጥርባቸው ቁጥሮች ግቢ ነው፤ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያለ መጨረሻ ሳይኖረው ይሄዳል። መደመር ማለት ቈጠራውን ካቆምንበት መቀጠል ስለ ሆነ፣ የሁለት መቍጠሪያ ቁጥሮች ድምር መቼም ቢሆን መቍጠሪያ ቁጥር ነው። ማባዛትም አንድን ቁጥር ደጋግሞ መደመር ስለ ሆነ ከግቢው አያስወጣም። መቀነስ ግን ያስወጣል። ከ7 በግ 3 ብንወስድ 4 ይቀራል፤ ከ3 በግ ግን 7 በግ ሊወስድ የሚችል ሰው አልተወለደም። እንግዲህ መቍጠሪያ ቁጥሮች ለመደመርና ለማባዛት ዝግ ናቸው፤ ለመቀነስ ግን ዝግ አይደሉም።

እዚህ ላይ ተማሪ ሁሉ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ግቢው ዝግ አለመሆኑን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ዝግ መሆኑን ለማስረዳት ግን ሺህ ምሳሌም አይበቃም፤ ምክንያቱን መስጠት ያስፈልጋል። ኦይለር የተባለው ታላቅ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1772 ዓ.ም. ያመለከተው አንድ ሥራ ይኸን ደኅና አድርጎ ያሳያል። አንድ ቁጥር በራሱ እናባዛ፤ ከውጤቱ ላይ ቁጥሩን ራሱን እንቀንስ፤ ከዚያ 41 እንጨምር። በ1 ስንጀምር 41፣ በ2 43፣ በ3 47፣ በ4 53 ይሆናል። ሁሉም ከ1ና ከራሳቸው በቀር ሌላ እኩል የሚያካፍላቸው የሌለ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። እስከ 40 ድረስ ያለ አንድ ስሕተት እንዲሁ ይሄዳል። 40 ጊዜ የሞከረ ሰው «ሁልጊዜ እንዲህ ነው» ብሎ ቢምል ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን በ41 ስንሞክር ውጤቱ 41 ጊዜ 41፣ ማለት 1681 ነው፤ ይህም ብቸኛ ቁጥር አይደለም። እንግዲህ በብዙ ምሳሌ ብቻ የቆመ እምነት በአንድ ምሳሌ ይወድቃል።

ምክንያት መስጠት ማለት ምን እንደ ሆነ ለማሳየት ወደ ራሳችን ግቢ እንመለስ። ጧት ጧት ሁለት ሁለት እየሆንን ተሰልፈን ወደ ክፍል እንገባለን። ተማሪዎቹ ሁሉ ጓደኛ የሚያገኙበት ክፍል ቁጥሩ ተጋማሽ ነው፤ አንድ ልጅ ብቻውን የሚቀርበት ክፍል ቁጥሩ ኢተጋማሽ ነው። ሁለት ተጋማሽ ክፍሎች ቢቀላቀሉ ብቻውን የሚቀር የለም፤ ስለዚህ ተጋማሽ ቁጥሮች ለመደመር ዝግ ናቸው። ሁለት ኢተጋማሽ ክፍሎች ቢቀላቀሉ ግን ብቻቸውን የቀሩት ሁለት ልጆች እርስ በርሳቸው ይጣመራሉ፤ ድምሩም ተጋማሽ ይሆናል። ኢተጋማሽ ቁጥሮች ለመደመር ዝግ አይደሉም ማለት ነው። ለማባዛት ግን ዝግ ናቸው። ለምሳሌ 5 ልጆች ያሉባቸው 3 ረድፎች ቢኖሩ፣ ከየረድፉ አንድ ልጅ ይቀራል፤ ከነዚያ ከ3ቱ ሁለቱ ሲጣመሩ አንዱ ብቻውን ይቀራል። የረድፎቹም ሆነ የልጆቹ ቁጥር ኢተጋማሽ እስከ ሆነ ድረስ ይህ ምክንያት ለማናቸውም ቁጥር ይሠራል። ይኸን ኋላ ስለምንፈልገው በልባችሁ ያዙልን።

አሁን ወደ «3 ሲቀነስ 7» እንመለስ። እኒያ አባት ባለ ሱቅ ናቸው። የመልሱን መንገድ ያሳዩን እርሳቸው ራሳቸው ናቸው ብንል ሳይገረሙ አይቀሩም። ከዚያ ቀን በኋላ ደብተር ልንገዛ ሱቃቸው ሄደን ሳለ፣ አንድ ደንበኛ 30 ብር ይዞ የ70 ብር ሸቀጥ ወሰደ። እርሳቸውም የዱቤ ደብተራቸውን አውጥተው 40 ብር ዕዳ ጻፉበት። ወዲያው ሌላ ሰው መጥቶ 7 እንቁላል ጠየቀ፤ በመደርደሪያው ላይ የነበረው 3 ብቻ ስለ ሆነ «የለም» አሉት። እኛም እርስ በርሳችን ተያየን። በእንቁላሉ ግቢ አይቻልም፤ በዱቤው ደብተር ግቢ ይቻላል። ሁለቱንም የሚናገሩት አንድ ሰው ናቸው፤ ማንም ውሸታም አላላቸውም።

ይህ ሐሳብ ጥንታዊ ነው። ብራህማጉፕታ የተባለ የሕንድ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ628 ዓ.ም. በጻፈው መጽሐፍ ከዜሮ በላይ ያሉትን ቁጥሮች ሀብት፣ ከዜሮ በታች ያሉትን ዕዳ ብሎ ሕጋቸውን ደነገገ። ዕዳ በዕዳ ላይ ሲጨመር ዕዳ ነው፤ ዕዳ በዕዳ ሲባዛ ሀብት ነው፤ ዜሮም ራሱን የቻለ ቁጥር ነው አለ። የኛ የግዕዝ ቁጥር ፩ን፣ ፲ን፣ ፻ን ለየብቻ ምልክት ሰጥቶ የሚጽፍ ስለ ሆነ ለዜሮ ምልክት አላስፈለገውም፤ 105ን ፻፭ ብሎ ይጽፋል። ለመጻፍ ባያስፈልግም ለመቀነስ ግን ያስፈልጋል፤ 5 ሲቀነስ 5 መልስ ሊኖረው ይገባልና። እንግዲህ በመቍጠሪያ ቁጥሮች ላይ ዜሮንና ዕዳዎችን ብንጨምር አጥሩ ይሰፋል፤ ድፍን ቁጥሮች የሚባሉትንም እናገኛለን። እነዚህ ለመደመር፣ ለመቀነስና ለማባዛት ዝግ ናቸው።

ለማካፈል ግን ገና ዝግ አይደሉም። 7 ዳቦ ለ2 ልጆች ቢካፈል ሦስት ተኩል ይደርሳቸዋል፤ ሦስት ተኩል ግን በድፍን ቁጥሮች ግቢ የለም። ስለዚህ ክፍልፋዮችን እንጨምራለን። ላዕሉና ታሕቱ ድፍን ቁጥሮች የሆኑ፣ ታሕቱም ዜሮ ያልሆነ ማናቸውም ክፍልፋይ ንብብር ቁጥር ይባላል። እነዚህ ለመደመር ዝግ መሆናቸውን እንዴት እናውቃለን? ሁለት ሦስተኛን ከአራት አምስተኛ ጋር ስንደምር፣ ላዕሉ 2 ጊዜ 5 ሲደመር 4 ጊዜ 3፣ ማለት 22፣ ታሕቱ 3 ጊዜ 5፣ ማለት 15 ይሆናል። ላይ ያደረግነው ድፍን ቁጥሮችን ማባዛትና መደመር ብቻ ስለ ሆነ ውጤቱ ድፍን ነው፤ ታች ያደረግነው ዜሮ ያልሆኑ ሁለት ቁጥሮችን ማባዛት ስለ ሆነ ውጤቱ ዜሮ አይሆንም። አዲሱ አጥር የቆመው በአሮጌው አጥር ላይ ነው ማለት ነው። የታችኛውን ክፍል ትምህርት የናቀ ተማሪ በላይኛው ክፍል የሚደናቀፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ንብብር ቁጥሮች ለአራቱም ሥራዎች ዝግ ናቸው ለማለት ስንቃረብ አንድ ነዋሪ ያስቸግረናል፤ እርሱም ዜሮ ነው። 6 ለ0 ሲካፈል ስንት ነው? መልሱ በ0 ተባዝቶ 6 የሚሆን ቁጥር መሆን አለበት፤ ማናቸውም ቁጥር ግን በ0 ሲባዛ 0 ነው። ስለዚህ መልስ የለውም። 0 ለ0 ሲካፈልስ? አሁን ደግሞ ማናቸውም ቁጥር መልስ ሊሆን ነው፤ 5ም፣ 9ም፣ 100ም በ0 ሲባዙ 0 ይሆናሉና። መጀመሪያ መልስ ጠፋ፤ ቀጥሎ መልስ በዛ። ብራህማጉፕታ 0 ለ0 ሲካፈል 0 ነው ብሎ ጽፎ ነበር፤ የኋላ ሰዎች ግን አልተቀበሉትም። ታላቅ ሰው በ9 ነገር ትክክል ሆኖ በ10ኛው ሊሳሳት እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። ስለዚህ «ከዜሮ በቀር» የሚለውን ቃል ጨምረን፣ ንብብር ቁጥሮች ለማካፈልም ዝግ ናቸው እንላለን።

አራቱ ሥራዎች ከተፈጸሙ አጥሩ ተጠናቀቀ ብሎ ማረፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ካሬ ብንስል፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚሄደው መስመር ርዝመቱ የ2 ዳግም ዘር ነው፤ ይኸውም በራሱ ሲባዛ 2 የሚሆን ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ክፍልፋይ አለመሆኑን የጥንት ግሪኮች ያውቁ ነበር። ክፍልፋይ ነው እንበልና፣ ላዕሉና ታሕቱ በ2 እስከማይቃለሉ ድረስ አቃለን እንጻፈው። እንግዲያው ላዕሉ በራሱ ሲባዛ፣ ታሕቱ በራሱ ተባዝቶ ሁለት እጥፍ ከሚሆነው ጋር እኩል ነው። ስለዚህ የላዕሉ ካሬ ተጋማሽ ነው። ቅድም በልባችሁ ያዙ ያልነው አሁን ይጠቅማል፤ ኢተጋማሽ በኢተጋማሽ ሲባዛ ኢተጋማሽ ስለ ሆነ፣ ላዕሉ ራሱ ተጋማሽ መሆን አለበት። ላዕሉ ተጋማሽ ከሆነ ካሬው ለ4 ይካፈላል፤ እንግዲያው የታሕቱ ካሬ ለ2 ይካፈላል፤ ታሕቱም ተጋማሽ ነው። ሁለቱም ተጋማሽ ከሆኑ በ2 ይቃለላሉ፤ እኛ ግን አቃለን ጨርሰናል። ነገሩ እርስ በርሱ ስለ ተጣላ መነሻችን ሐሰት ነበረ።

እንደዚህ ያሉት ኢንብብር ቁጥሮች ለብቻቸው ቢሰበሰቡ ለምንም ሥራ ዝግ አይሆኑም። የ2 ዳግም ዘር በራሱ ሲባዛ 2፣ ለራሱ ሲካፈል 1፣ ከራሱ ሲቀነስ 0 ነው፤ ከዕዳው ጋር ሲደመርም 0 ነው። ከንብብሮቹ ጋር አብረው ሲኖሩ ግን መስመሩን በሙሉ ይሞላሉ፤ ለአራቱም ሥራዎች፣ ከዜሮ ማካፈል በቀር፣ ዝግ የሆነ ግቢም ይሠራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1545 ዓ.ም. የኢጣልያው ካርዳኖ «10ን ለሁለት ክፈል፤ የክፍሎቹ ብዜት 40 ይሁን» የሚል ጥያቄ አቀረበ። በመስመሩ ላይ ባሉት ቁጥሮች አይቻልም፤ 10 ለሁለት ሲከፈል ትልቁ ብዜት 5 ጊዜ 5፣ ማለት 25 ነውና። እርሱ ግን የኔጌቲቭ 15ን ዳግም ዘር እንደ ቁጥር ቈጥሮ መልስ ሰጠ፤ ነገሩንም የማይጠቅም ረቂቅነት አድርጎ ተመለከተው። የአገሩ ሰው ቦምቤሊ እ.ኤ.አ. በ1572 ዓ.ም. ለእነዚህ ቁጥሮች የመደመርና የማባዛት ሕግ ጻፈላቸው። ዛሬ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ያለ እነርሱ ሥራቸውን ለመሥራት ይቸገራሉ።

ግን አጥር ማስፋት ያለ ዋጋ አይሆንም። በመቍጠሪያ ቁጥሮች ግቢ ከሁሉ የሚያንስ 1 አለ፤ ዕዳ ሲገባ ከሁሉ የሚያንስ የሚባል ጠፋ። በድፍን ቁጥሮች ግቢ ከ3 ቀጥሎ የሚመጣው 4 ነው፤ ክፍልፋይ ሲገባ ከ3 ቀጥሎ የሚባል ጠፋ። በካርዳኖ ቁጥሮች ግቢ ደግሞ ከሥራዎቹ ሕግ ጋር የሚስማማ «ይበልጣል፣ ያንሳል» ማለት ራሱ ጠፋ። ስለዚህ ሰፊው ግቢ ሁልጊዜ ከጠባቡ ይሻላል ማለት አይቻልም፤ እንቁላል ለሚሸጥ ሰው ትክክለኛው ግቢ የመጀመሪያው ነው።

ጠባብ ሆኖ ዝግ የሆነ ግቢም አለ። በሰዓታችን ላይ ያሉት ቁጥሮች 12 ብቻ ናቸው። ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ 10 ሰዓት ብንጨምር ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል እንጂ 14 ሰዓት አንልም። ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ 5 ሰዓት ወደ ኋላ ብንመለስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ከትንሹ ትልቁን ቀንሰን ዕዳ አልገባንም። የአገራችን ሊቃውንትም በባሕረ ሐሳብ በዚህ ዓይነት ሒሳብ ሲሠሩ ኖረዋል። ለምሳሌ 2017 ዓ.ም.ን እንውሰድ። በ5500 ላይ ሲደመር 7517 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 12 ይቀራል፤ 1 ሲቀነስለት ወንበሩ 11 ይሆናል። 11 ጊዜ 11 121 ነው፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1 ነው። 11 ጊዜ 19 209 ነው፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ነው። የሁለቱ ድምር 30 መሆኑን ልብ በሉ። ይህ ዕድል አይደለም፤ 11ና 19 ሲደመሩ 30 ስለሚሆኑ፣ ወንበሩ ማናቸውም ቢሆን ድምሩ ያለ ቀሪ በ30 የሚገደፍ ነው። ለአንድ ዓመት ብቻ ሳይሆን ለዘመናት ሁሉ የሚያገለግል ምክንያት ማለት ይህ ነው።

አሁን ዕዳችንን እንክፈል።

አባታችን፤ «ልጄ ማንን ትመን?» ብለው ጠይቀውን ነበር። መልሳችን ይኸው ነው፤ መምህሯን ትመን። በ4ኛ ክፍል በምታውቃቸው ቁጥሮች 3 ሲቀነስ 7 በእርግጥ አይቻልም። ስሕተቱ የኛ ነበረ። ስሕተታችንም ሐሰት መናገር ሳይሆን፣ ግቢውን ሳንናገር ከሌላ ግቢ መልስ አምጥተን በልጅ እጅ ማስያዛችን ነው። ሰው ያላነፀውን አጥር ዘልሎ ቢያልፍ ይወድቃል፤ የወደቀችው ግን እኛ ሳንሆን እርሷ ናት። ስለዚህ፣ እኅታችን ሆይ፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ይቅርታ እንጠይቅሻለን።

መምህራኖቻችንንም በትሕትና አንድ ነገር እንለምናለን። ለታናናሾቻችን «አይቻልም» ስትሉ፣ «እስካሁን በተማርናቸው ቁጥሮች» የሚሉትን ቃላት ብትጨምሩላቸው፣ መልሱ እውነትነቱ አይጐድልም፤ ልጁ ግን ከአጥሩ ወዲያ ሌላ አገር እንዳለ ያውቃል። እኛ ራሳችን በ4ኛ ክፍል «አይቻልም» ብለን ጽፈን፣ ኋላ በላይኛው ክፍል ኔጌቲቭ ቁጥር ሲመጣ፣ ከመካከላችን «እንግዲያው ያን ጊዜ የተማርነው ሁሉ ከንቱ ነበር» ብሎ ሒሳብን የጠላ ጓደኛ ነበረን። ያን ጊዜ የተማርነው ከንቱ አልነበረም፤ ወሰኑ ብቻ አልተነገረንም ነበር።

እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በቅርቡ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። እዚህ ያልተማርናቸው ብዙ ጥያቄዎች በውጭ ይጠብቁናል። «አይቻልም» የሚል ሰው ሲገጥመን ወዲያው አንታዘዝም፤ ወዲያውም አንሳለቅም፤ «በየትኛው ግቢ?» ብለን እንጠይቃለን። እንደ 6 ለ0 ማካፈል ያለ በምክንያት የተዘጋ ነገር ከሆነ እናከብረዋለን። እንደ 3 ሲቀነስ 7 ያለ ከሆነ ግን፣ አጥሩን ከመዝለል ይልቅ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየካብን እናሰፋዋለን። ከዚህ ትምህርት ቤት ያገኘነው ስንቅ ይኸው ነው።